በሥዕሉ ወንዝ ላይ የወፈረው ጭጋግ

እኔ እንዲህ ያለውን ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም። ጎረቤት ተሰብስቦ ስለ ጥላና ስለ ኮቴ ሲያወራ ዝም ብዬ እሰማለሁ፣ ሲበዛብኝ ተነስቼ ቤቴ እገባለሁ። አሁን የምነግራችሁ ግን እዚሁ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ በገዛ ቤቴ፣ በቀን ያየሁትን ነው።

ሳሎኔ ውስጥ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛው የፈረንጅ ሥዕል ቅጂ አለ። ማለዳ ላይ ያለ ወንዝ ነው፤ ስስ ጭጋግ፣ ብርቱካናማ ብርሃን፣ መሐል ላይ አንድ ሰው የሚቀዝፋት ጀልባ። ቀርበው ሲያዩት የቀለም ጠብታ ብቻ ነው፣ ራቅ ሲሉ ግን ውሃው የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

ባለፈው ነሐሴ ታናሽ እህቴ አስካለ ጉንፋን ይዟት እኔ ጋ ሰነበተች። አስካለ ማለት በጠራራ ፀሐይ ታክሲ ውስጥ «መስኮቱን ዝጉልኝ፣ ብርድ መታኝ» እያለች ከተሳፋሪው ሁሉ የምትጣላ ሰው ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲበረታ መብራት ጠፋ፣ ከሰሉን ከነማንደጃው አስገባሁላት፣ የበረንዳውን በር ስርም በጨርቅ ጠቀጠቅሁ።

«ያቺንም ቀዳዳ ድፈኛት።»

«ሬሳ ሳጥን ውስጥ ብትገቢ ይሻልሽ ነበር» አልኳት።

«ክዳኑ በደንብ ከገጠመ ምን ከፋኝ» ብላ ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ተኛች።

እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ሥዕሉን አያለሁ። መጀመሪያ ድምፅ ሰማሁ፣ ውሃ እንጨት ሲመታ፣ ቀስ እያለ፣ ዝናቡ ነው አልኩ። ቀጥሎ ጭጋጉ ወፈረ። እመኑኝ፣ ብርሃኑ ደበዘዘ፣ ዛፎቹ ጠፉ፣ በመጨረሻ ጀልባዋም አልታይ አለችኝ። እርጥበት አበላሸብኝ ብዬ ደነገጥኩ፣ የባለቤቴ ማስታወሻ ነውና። ተነስቼ አወረድኩት፣ በብርሃን ልየው ብዬም ጨርቁን በእግሬ ገፍቼ የበረንዳውን በር ከፈትኩ።

ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ነው ራሴ እየዞረ እንደነበር ያወቅሁት። «አስካለ!» ብል መልስ የለም።

ጩኸቴን ሰምታ ጎረቤቴ ሰናይት ሮጣ ገባች፣ ተጋግዘን እህቴን ወደ በረንዳው ጎተትናት። በስንት መከራ ዓይኗን ገልጣ፣ «በሩን ማነው የከፈተው?» አለች። ንዝንዟ እንደዚያን ቀን ጥሞኝ አያውቅም።

ሐኪም ቤት ስንሄድ ሐኪሙ «የከሰሉ ጭስ ነው፣ ሥዕሉም እንዲያ የታየዎት ራስዎ ዞሮ ነው» አለኝ። ይሁን። የከሰሉ ጭስ ያልነካት ሰናይት ግን ሥዕሉን ከወለሉ ስታነሳ፣ «እማማ፣ ይሄ ነገር ለምንድነው የወንዝ ጭቃ የሚሸተው?» ብላኛለች።

አሁን ጭጋጉ ሳስቷል፣ ብርሃኑም ተመልሷል። በየጠዋቱ ፈጣሪዬን ሳመሰግን ሥዕሉንም አልዘለውም፣ እህቴን አትርፎልኛልና። ጀልባዋ ግን ከወዲህኛው ዳር ቆማለች፣ ውስጧም ማንም የለም። አስካለ «ድሮም እንዲህ ነበር» ትላለች። አልተከራከርኳትም። ብቻ የበረንዳውን በር ስዘጋ፣ ያ ቀዛፊ ሰው ከቤቴ ውጭ ይሁን ከውስጥ ስለማላውቅ፣ እጄ ትንሽ ይዘገያል።