የኋላው ቀኝ በር

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬ አይመጣም፤ ቢመጣም ይህን ታሪክ በብርሃን አልነግራችሁም። አንተ ደግሞ ስልክህን አጥፋው። ማንም አይደውልልህም።

እንግዲህ ሰዓቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን ሸፍኖታል። በአንድ ወገን ተራራ፣ በአንድ ወገን ገደል። ቤት የለም፣ ሰው የለም፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። በዚያ መንገድ አንዲት መኪና ብቻዋን ትመጣለች። የማን መኪና? የሽብሩ።

ሽብሩን እናንተ አታውቁትም፤ ድሮ ነው። ስሟን የማልነግራችሁ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ እህል የሚነግድ ሰው ነበር። ደግ ነው፤ ክፋት አያውቅም። ያለችበት አንድ አመል ብቻ ናት፤ መኪናው። መኪናዋ ሰማያዊ ናት፤ አፍንጫዋ ረዘም፣ ከኋላዋ ሰብሰብ ያለች። አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ሸጦለት ሄደ። የምን አገር ሥሪት እንደሆነች እንኳ አስረግጦ የሚናገር አልነበረም። ሽብሩ ገበያ መሃል ሲያልፍ ሰው ሚዛኑን ትቶ ያያታል። “ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?” ይላል እንግዳ የሆነ ሰው። ሽብሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ “እንደሷ የለም” ይላል። ሌላ አይጨምርም። እንደሷ የለም!

እውነቱን ነው፤ የለም። መለዋወጫዋም የለም። ሞተሪኖዋ ከሞተ ስለቆየ የምትነሳው ተገፍታ ነው። ሚኒሞ አትይዝም፤ ቆም ካለች ሞተሯ ድርግም ይላል። ድርግም ካለ ደግሞ የሠፈሩ ጎረምሳ ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ መምጣት አለበት። “ጋሽ ሽብሩ፣ የገዛኸው መኪና ነው ወይስ ጋሪ?” ይሉታል እየገፉ። ይስቃል። ግን ያንገበግበዋል። በምትኮሩበት ነገር ሲሳቅባችሁ አያንገበግብም?

ይህ ሰው አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ስንዱ። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች እሱው ነው እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት። ከዚያች ልጅ ሌላ በዓለም ላይ ማንም አልነበረውም። ማንም። ስንዱ አድጋ ታጨች፤ ሙሽራው ከገደሉ ማዶ ካለችው ከተማ ነው። ያኔ ሽብሩ፣ “ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በኔ መኪና ነው፤ የምነዳውም እኔ ነኝ” ብሎ ማለ። አባት እቤቱ ቀርቶ መርቆ ይሸኛል እንጂ ሙሽራ ጭኖ አይሄድም ቢሉት፣ “ማርሿን ከእኔ በቀር የሚችለው ካለ ይምጣ” አለ። ማን ይምጣ?

ሠርጉ ሲቃረብ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲል የኋላ ቀኝ በሯን ገንጥሎ ጣለው። ሙሽራ የምትገባበትን በር!

መካኒኩ ነስሩ በሩን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። “ይህ አይቃናም።”

“ሌላ እንፈልጋ።”

“ከየት? እንደሷ የለም የምትለው አንተው አይደለህ?” አለና በሩን መሬት አስቀምጦ፣ “አንዲት አለች” አለው። “ግን ገደል ውስጥ ናት።”

ለካ እህት ነበረቻት! በገደሉ መንገድ ሰው በኪራይ ስታመላልስ የነበረች መኪና ናት። ገደል ገብታ ሹፌሩም ተሳፋሪዎቹም አልቀዋል። ሽብሩ ይህን ሲሰማ አዘነ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አለው። በማግስቱ ነስሩን ይዞ ወረደ። መኪናዋ ጭምድድ ብላለች። የኋላ ቀኝ በሯ ግን ደህና ነው፤ ጭረት እንኳ የለበትም።

ብሎኑን እየፈቱ ሳለ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ከላይ ወረዱ።

“ፈቃድ ጠይቃችኋል?”

“ማንን፣ አባቴ?”

“በዚያ በር በኩል የተቀመጠችውን ነዋ።” ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። “ቤቴ እዚሁ ከኩርባው በላይ ነው። ያን ዕለት መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። አንዲት ሴት በመስኮት ‘ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!’ እያለች አለፈች። ሹፌሩ አላቆመላትም። ከኩርባው እልፍ እንዳሉ ገደል ገቡ። ሌሎቹን ዘመድ መጥቶ አለቀሰላቸው። የሷን ግን ማን ናት ብሎ የጠየቀ የለም። እኛው ቀበርናት።”

“ነፍሷን ይማር።”

“እሱ ብቻ አይበቃም ልጄ። በኛ አገር በመንገድ የሞተ ሰው ዕቃ የወሰደ፣ ሟቹን ሊወርድ የፈለገበት ያደርሰዋል። በሩን ገጥመህ በኩርባው ስታልፍ ቁም። በሩን ክፈትና ‘ደርሰሻል፣ ውረጂ’ በላት። ዘግተህ ሂድ። በቃ፣ ሌላ አትጠየቅም።”

“እሺ አባቴ” አለ ሽብሩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ነስሩ በሩን ገጠመው፤ ሰማያዊ ቀባው። ሽብሩ ለሠርጉ ጉዳይ ብቻውን ወደ ማዶ ሄደ። ኩርባው ላይ ደረሰ። ኩርባው ደልዳላ ነው፤ ቁልቁለት ቢሆን ለቆ ያስነሳት ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ ሞተሯ ቢጠፋ ማን ይገፋለታል? ጉሙ? “ስመለስ አቆማለሁ” ብሎ አለፈ። አለፍ እንዳለ የኋላው ቀኝ በር መስታወት ኳ… ኳ… አለ። “ላልቷል” አለ ሽብሩ። ላልቷል!

ሲመለስ መሸበት። ኩርባው ላይ ሲደርስ ቀስ ያለ ድምፅ፣ እንደሚያፍር ሰው ድምፅ፣ ከኋላው፣

“ወራጅ አለ” አለ።

በስፖኪዮው አየ። ማንም የለም። ወንበሩ ግን በበሩ በኩል ጎድጎድ ብሏል፤ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚጎደጉደው። ሽብሩ ምን አደረገ? አቆመ? ቤንዚኑን ረገጠው እንጂ!

እቤቱ ደርሶ ሲወርድ በሩ ላይ የነጠላ ጫፍ ተቆልፎበታል። እርጥብ ነው፤ አፈር አፈር ይሸታል። በሩን ከፈተ። ነጠላም የለ፣ ሰውም የለ።

ሮጦ ለነስሩ ነገረው። ነስሩም፣ “ሽማግሌው ያሉህን አድርግ። ነገ አብሬህ ሄጄ እገፋልሃለሁ” አለው። ይህን ሁሉ ጣጣ የሚጨርስ ቃል ነበር። ሽብሩ ግን ድንኳኑ፣ በሬው፣ እንግዳው አጣደፈው። “ሠርጉ ይለፍና” አለ። እኔን የሚያበግነኝ ይህ ነው፤ ሠርጉ ይለፍና!

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ስንዱ ቬሏን ለብሳ በዚያ በር ገባች። ከጎኗ ሙሽራው አዳሙ፣ ፊት ሚዜው፣ መሪው ላይ ሽብሩ። የአጃቢው መኪና እየዘፈነ ከኋላ ይከተላል። ሽብሩ ለደስታው ፊቱ አልበቃ ብሎታል። ጭፈራው ረዝሞ አምሽተው ስለወጡ ኩርባው ላይ ሲደርሱ ለዓይን ያዝ አድርጓል። ጉሙም መጥቷል፤ ለአጃቢዎቹ ከፊታቸው የሚታያቸው የመኪናዋ የኋላ መብራት ብቻ ነው። አዳሙ በግራው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ለአጃቢዎቹ ያጨበጭባል።

“ወራጅ አለ።”

ሚዜው ሳቀ። “ማነው የሚቀልደው?”

ሽብሩ አልሳቀም። በስፖኪዮው አየ። አዳሙን አየ። ስንዱን አየ። በመሃላቸው ደግሞ… ሌላ ነጭ የለበሰች አለች።

“አባዬ፣ አቁምላት” አለች ስንዱ።

“ማንን?”

“አጠገቤ ያለችውን። እዚህ ነው የምወርደው እያለች ነው እኮ። እኔ በር ላይ ነኝ፣ ወርጄ ላሳልፋት።”

ያን ጊዜ ምን ነበረበት ቢያቆም? ግን አስቡት፤ ሙሽራው ከኋላ፣ አማቶቹ ከኋላ፣ ሞተሯ ሊጠፋ፣ በሱፍ ልብስ ሊገፏት። “ጋሪ ነው እንዴ!” ሊባል፣ በልጁ ሠርግ። እግሩ ፍሬኑን ነካ አደረገና መኪናዋ ቀስ አለች። ሞተሯ ተንገጫገጨ፤ ሊጠፋ ነው። ሽብሩ ደንግጦ ፍሬኑን ለቀቀና ቤንዚኑን ረገጠ።

ከኋላው በሩ ተከፈተ። ተዘጋ።

በስፖኪዮው አየ። አዳሙ አለ። በቬል የተሸፈነች ሙሽራ ከጎኑ አለች። ሌላ ማንም የለም። “ወረደች!” አለ ሽብሩ በሆዱ። “ተመስገን፣ ወረደች!” ዕንባው መጣ። እስከ ማዶ ድረስ ክላክሱን እየነፋ ነዳ።

“ስንዱዬ፣ እጅሽ እንዴት ቀዘቀዘ?” አላት አዳሙ በመንገድ ላይ። እጇን ወደ ቬሏ ሰበሰበች። ሙሽራ አይደለች? ያፈረች መሰለው።

ደረሱ። እልልታው ቀለጠ። የአዳሙ እናት በሩን ከፍተው ሙሽራዋን አወረዱ፤ ሊስሟት ቬሉን ገለጡ።

እልልታው ቀጥ አለ።

ፀጉሯ በጭቃ የተጋገረ፣ ማንም የማያውቃት ሴት ናት። ሴትዮዋ ማንንም አላየችም፤ ሽብሩን ብቻ አየችው። የተቆጣች አትመስልም፤ የደከማት ነው የምትመስለው።

“እኔን ልታሳልፈኝ ብላ ወረደች” አለችው። “እኔ ሳልወርድ ሄድክ።”

ከዚያ ልብሱ ሰው እንዳልነበረበት እጥፍ ብሎ መሬት ላይ ወደቀ።

ተመልሰው ሄዱ። ፋኖስ ይዘው ገደሉን አሰሱት። ደም የለም፣ ጫማ የለም፣ ዱካ የለም። አዳሙ አለቀሰ፤ አገሩ አለቀሰ። ሽብሩ ግን አላለቀሰም። “ልጄ አልሞተችም፤ ወርዳ ነው” አለ። ከዚያ ወዲያ ጀምበር ባዘቀዘቀች ቁጥር ኩርባው ላይ ሄዶ ያቆማታል። ሞተሯ ድርግም ይላል። የኋላውን ቀኝ በር ይከፍትና፣ “ስንዱዬ፣ መጣሁ። ግቢ ልጄ” ይላል ወደ ጉሙ። መጀመሪያ ላይ አላፊ አግዳሚው አዝኖ ይገፋለት ነበር። ኋላ ሰውም ፈራ።

አንድ ማታ ሽማግሌው ከቤታቸው ደጃፍ ሆነው ሰሙ። በሩ ተዘጋ። መኪናዋ ያለ ገፊ ተነሳች። ሄደች። ከተማዋ ግን አልገባችም፤ ማዶም አልደረሰች፤ ገደሉም ውስጥ የለችም።

እናንተ ግን ሰምታችኋል። በተለይ እናንተ ሴቶች ስሙኝ፤ በመሸ ጊዜ በገደል መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ። የማታውቋት ዓይነት ሰማያዊ መኪና አጠገባችሁ ብትቆም፣ በሯ ቢከፈት፣ አንድ አባት በሚያባባ ድምፅ “ግቢ ልጄ” ቢላችሁ፣ እንዳታዝኑለት። እንዳትመልሱለት። ሽብሩ ያን ማታ ማንን እንዳሳፈረ አናውቅም፤ እስካሁን ግን ይፈልጋል። ዓይኑም ደክሟል፤ መንገድ ዳር የቆመች ሴት ሁሉ ስንዱ ትመስለዋለች።