የሚስተር ቲዋሪ እናት ፎቶ

«በይ እስቲ አንብቢልኝ» አሉ ሚስተር ቲዋሪ፣ ወንበራቸውን ወደ ሉሊት እየሳቡ። «ዓይኔን ኦፕሬሽን ከሆንኩ ወዲህ ፊደል አይታየኝም።»

«ቲቸሯ ቤት ድረስ ኮል አድርጋልኝ ነበር እኮ» አለ አባቷ። «ድርሰቷ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ ብላ።»

ሉሊት ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። አባቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው። ድሬዳዋ ሳለ ሂሳብ ያስተማሩት እኚህ ሕንዳዊ ናቸው፤ ዛሬ የአርባ ዓመት ሰው ሆኖ እንኳ ፊታቸው ተደላድሎ አይቀመጥም። ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ድረስ የነዳውም በልጁ ሊኮራ ነው።

«ሎንግ ነው እኮ… ላሳጥርልዎት?»

«ምንም አታሳጥሪ» አሉ ሽማግሌው።

ነገሩ የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። አስተማሪዋ «የጎበኛችሁትን ቅዱስ ቦታ ጻፉ» ብላ አዘዘች። ሉሊት ደግሞ ከሳን ሆዜ አልፋ የሄደችበት የለም። ሚስተር ቲዋሪን ብትጠይቃቸው ስለ ቺትራኩት አጫወቷት። በጥንት ተረክ ከዙፋኑ የተባረረ ልዑል ከነሚስቱ በስደት የኖረባት የሂንዱዎች ከተማ ናት። እናታቸው በሰባ ሁለት ዓመታቸው «ሳልሞት ውሰደኝ» ብለው እዚያ ሄደዋል። ፎቶግራፋቸውንም አዋሷት፤ በባዶ እግራቸው ኮረብታ ሥር የቆሙ፣ ሳሪ የለበሱ አሮጊት።

ሉሊት ፎቶውን ክፍል ውስጥ ከፍ አድርጋ «አያቴ ናት፣ አብረን ነበር የሄድነው» አለች። የጠረጠራት አልነበረም፤ ለነዚያ ልጆች ኢትዮጵያም ሕንድም ያው ሩቅ አገር ነው። ሲያጨበጭቡላት ደስ አላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋት፤ ድርሰቱንም እንደዚያው ጻፈችው።

«ኮረብታው ላይ እንደማይወጣ ጽፈሻል አይደል?» አሉ ሚስተር ቲዋሪ። ፎቶውን ከእጇ ተቀብለው በጣታቸው እየዳበሱት ነው። «ለኛ ኮረብታው ራሱ ቅዱስ ነው፣ አይረገጥም። እናንተ ቤተ ክርስቲያን እንደምትዞሩ እኛም እንዞረዋለን። እናቴ ጫማዋን አውልቃ ያዝልኝ አለችኝ። አምስት ኪሎ ሜትር ሙሉ በብብቴ ይዤላት ዞርኩ። ከዚያ በኋላ አልቆየችም።»

የሉሊት ፊት ፍም መሰለ። ኮረብታው አናት ላይ ወጥተን ሳን ፍራንሲስኮን የሚያህል ከተማ አየን ብላ ጽፋለች። እሱ እንኳ ቀላል ነበር። የሰው እናት መስረቋ ነው ያሳፈራት፤ ያውም ጫማቸውን በብብቱ ከያዘላቸው ልጃቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ግን እኮ ሽማግሌው አያዩም። «አያቴ» የሚለውን ሁሉ «የሚስተር ቲዋሪ እናት» እያለች፣ ኮረብታውን «ወጣን» የሚለውንም «ዞርን» እያደረገች ብታነብ ማን ያውቃል? እሳቸው ደስ እንዳላቸው ይቀራሉ፣ አባቷም ፈገግ እንዳለ ይዟት ወደ ቤት ይመለሳል። አፏን ከፈተች። በልቧ አስተካክላ የያዘችው ዓረፍተ ነገር ምላሷ ላይ ደርሶ ቀረ።

«ርዕሱ "እኔና አያቴ" ይላል» አለች።

«አያትሽ?» አሉ ሚስተር ቲዋሪ።

የአባቷ ፈገግታ ጠፋ። ሉሊት ቀና ብላ አላየችውም። ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ፣ አንድ ቃል ሳትለውጥ እንደጻፈችው ማንበብ ቀጠለች። ኮረብታው አናት ላይ ስትደርስ ሽማግሌው ፎቶውን ጭናቸው ላይ በፊቱ ደፉት። እሷ ግን ማንበቧን አላቆመችም።