ባዶ የወጣው ጀፎረ

አቶ ሽባባው የተገኙት ከቤታቸው ደጃፍ፣ ከድንጋይ ደረጃው ሥር በጀርባቸው ተዘርረው ነው። ከራሳቸው ሥር ደም፣ ከእግራቸው ሥር አንድ ጥቅል የቃጫ ገመድ፣ ከአጠገባቸው ደግሞ ሁለት እጁ በደም የቀላ ቆርቆሮ መቺ ነበር። መንደሩ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ገዳዩ ተገኘ፤ ያውም ባዕድ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም በልቡ ተመስገን አለ። ይህን የምለው ሰውን ለመዝለፍ አይደለም፤ ወይም ትንሽ ለመዝለፍ ነው።

ቆርቆሮ መቺው ናጃህ ይባላል። የአቶ ሽባባውን ጓዳ ጣሪያ ሊቀይር ከቡታጅራ ወደ ቸሃ የመጣ ወጣት ነው። «ከላይ ሆኜ ስመታ ምንም አልሰማሁም» አለ። «ውሃ ልጠጣ ስወርድ ወድቀው አየኋቸው። ላነሳቸው ስል ነው ደሙ የነካኝ። ኡኡ ብዬ ሰው የጠራሁትም እኔ ነኝ።»

ጉዳዩን የያዘችው ከወልቂጤ የመጣችው ኢንስፔክተር ዘይባ ከድሮ የምትባል መኮንን ነበረች። ዘይባ ከሰው ንግግር ውስጥ የጎደለችውን ቃል ፈልጋ የምታወጣ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን አልፈለገችም። እሷም የቡታጅራ ልጅ ናት። ለአገሯ ልጅ አዳላች እንዳትባል ፈራች። ይሉኝታ ያዛትና ናጃህን ከማንም በፈጠነ እጅ በካቴና አስራ ወሰደችው።

ማስረጃም አላጣችም። የአቶ ሽባባው ግቢ ጓሮው ገደል ነው፤ መግቢያው በጀፎረው በኩል ብቻ ነው፤ በመንደሩ መሀል ተዘርግቶ፣ ሣር ለብሶ፣ የሁሉም የሆነው ሰፊ መንገድ። ያን ቀን ደግሞ የአገር ሽማግሌው የአቶ ስምዖን ልጅ ቴዲ፣ ወልቂጤ ፎቶ ቤት ያለው፣ ካሜራውን ጀፎረው ላይ ተክሎ ነበር። የሟች ሚስት ወይዘሮ የሺመቤት ባላቸውን በጤና ትተው ገበያ ከወጡበት ጊዜ ጀምሮ ናጃህ እስከጮኸበት ድረስ አምስት ፎቶ አነሳ። በአምስቱም ላይ ጀፎረው ባዶ ነው።

«በዚህ ሁሉ ጊዜ ማንም አላለፈም?» ብላ ዘይባ ጠይቃው ነበር።

«ፎቶው ላይ እንደሚያዩት ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ቴዲ።

በዚህ ፋይሉ ተዘጋ። ዐቃቤ ሕግም ክሱን ሊመሠርት ተዘጋጀ።

የናጃህ እናት ሃፊዛ ግን ከቡታጅራ መጥታ ጣቢያው በር ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ ማንንም አልተሳደበችም። ዘይባ ስትገባ ስትወጣ ታያታለች። አንድ ጠዋት ሃፊዛ ሰላምታ አቀረበችላት።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም፣ እናቴ።»

«አንቺ የከድሮ ልጅ አይደለሽ? አባትሽን አውቃቸዋለሁ። ልጄን ልቀቂልኝ አልልሽም። ሰምተሽዋል ወይ ነው የምልሽ።»

ዘይባ አዎ ልትል ነበር፤ ግን አልሰማችውም። በቀጥታ ሄዳ ናጃህን ከእስር ክፍሉ አስወጣችና ወንበር ሰጠችው።

«ስለ ገመዱ ንገረኝ።»

«የእኔ አይደለም። የእኔ ናይለን ነው፤ አሁንም ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ይሆናል። ያኔም ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረኸኝ ነበር» አለች ዘይባ፣ ቀስ ብላ።

በዚያው ቀን ወደ መንደሩ ተመለሰች። ወይዘሮ የሺመቤት ጥቁር ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ የሺመቤት፣ ገበያ ሲሄዱ በየት በኩል ወጡ?»

«በየት እወጣለሁ? በጀፎረው ነዋ። ቴዲ ካሜራውን ተክሎ ቆሟል። ላበላሽብህ ነው ብዬ ብቆም፣ ‹ይለፉ እማማ፣ ከፍቼዋለሁ ግን ችግር የለውም› አለኝ። በፊት ለፊቱ አለፍኩ።»

«ከፍቼዋለሁ አለ?»

«እንዲያ አለ። ምን እንደከፈተ እኔ አላውቅም።»

ዘይባ አምስቱን ፎቶዎች ከቦርሳዋ አወጣች። የመጀመሪያውን ደጋግማ አየችው። ወይዘሮ የሺመቤት የሉበትም።

«የመንደሩ ላሞችስ ያን ቀን የት ነበሩ?»

«የት ይሆናሉ? እዚሁ ሲግጡ ነዋ።»

ላምም የለም። ሣሩ ላይ እዚህም እዚያም ጭጋግ የመሰለ ነገር ብቻ ይታያል። አንድን ልጅ ያሰረችበት ማስረጃ ላምን የሚያህል ነገር ደብቋል።

«ይህ የቃጫ ገመድስ?»

«የሽባባው ነው። ያን ጠዋት ጀፎረው ላይ ከአጥር አጥር ሲጎትተው ነበር። ምን ትሠራለህ ብዬ ብጠይቀው፣ ‹እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ትሰሚያለሽ› አለኝ።»

«ይህን ለምን ያኔ አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነታቸውን ነው። ዘይባ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ገመዱን ከአንድ ፖሊስ ጋር ይዛ ጀፎረውን ከጫፍ ጫፍ ለካች። ከአጥር አጥር ልክክ ይላል፤ አባቶች ለክተው የተዉት ስፋት ነውና። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ገመዱ ረዘመና መሬት ላይ ተልፈሰፈሰ። ቀና ብላ ስታይ የአቶ ስምዖን ግቢ ነው።

አቶ ስምዖን በዚያ አካባቢ በሽምግልና ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው። ያን ሰዓት ከመንገድ ሲመለሱ አገኘቻቸው። እንደ ልማዳቸው ዣንጥላቸውን በሩ መቃን ላይ አስደግፈው ገቡና አስገቧት። የዣንጥላው መያዣ ተሰብሮ እንደ መዶሻ ራስ ባለ እንጨት ተተክቷል። ከአጥሩ ወዲህ፣ ግቢው ውስጥ፣ እንሰት ያልተተከለበት የጀፎረ ሣር አለ። ከሣሩ ማዶ በአፈር የተደፈኑ ጉድጓዶች ተሰልፈዋል።

«አጥሩን በቅርብ አደሱት፣ አቶ ስምዖን?»

«ምስጥ በልቶት ነበር።»

«ያን ቀን የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ልጄ ጀፎረውን ሲያነሳ ነበር አይደል? ብወጣ ኖሮ ፎቶው ላይ በታየሁ» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ከእሷ ሳያነሱ።

ቀጥሎ ወልቂጤ ወደ ቴዲ ፎቶ ቤት ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ክብ መስተዋት አየች።

«ይህ ምንድነው?»

«ፊልተር ነው። ሌንሱ ላይ ሲገጠም ብርሃን ይቀንሳል። ቀትር ላይም ቢሆን ካሜራውን ለደቂቃዎች ከፍቶ ለመተው ነው። ወራጅ ውሃ ወተት ይመስላል፣ ደመናው ይለጠጣል።»

«ሰውስ?»

ቴዲ መስተዋቱን አንስቶ በጨርቅ መወልወል ጀመረ። ንጹሕ ነበር።

«ሰውስ፣ ቴዲ?»

መወልወሉን ቀጠለ።

«እሑድ ካሜራህንም ፊልተርህንም ይዘህ ጀፎረው ላይ ና» አለችው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ እንደ ወትሮው ጀፎረው ዳር ካለው ዝግባ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ መሀል ላይ አቶ ስምዖን፣ ዣንጥላቸውን ከኋላቸው ግንዱ ላይ አስደግፈው። መንደርተኛው ዙሪያውን ቆመ። ዘይባ ናጃህን ያለ ካቴና ይዛ መጣች፤ ሃፊዛም ተከትላለች። አንዳንዱ አጉረመረመ። ዘይባ አልሰማ ብላ ወይዘሮ የሺመቤትን በርጩማቸውን ጀፎረው መሀል እንዲያስቀምጡላት ለመነች። ቴዲን ደግሞ ካሜራውን ያን ቀን ከነበረበት ቦታ አስተከለችው።

«ፊልተሩን ግጠምና ክፈተው። እናንተ ደግሞ እሱ በቃ እስኪል ድረስ ከላይ ታች እየተመላለሳችሁ ሂዱልኝ። ማንም እንዳይቆም።»

ሰዉ እየሳቀ ተመላለሰ። ካሜራው ሲዘጋ ዘይባ ምስሉን ለሽማግሌዎቹ አሳየች። በርጩማው ጥርት ብሎ ተቀምጧል። ሰው የለም። ሳቁ ቆመ።

«የሚሄድ ሰው ይጠፋል፤ ካሜራው ፊት ስለማይቆይ ምስሉ አይያዝም» አለች ዘይባ። «ባለበት የሚቆይ ነገር ግን ይቀራል። እኔ ጀፎረው ባዶ ነበር ብዬ ነው ይህን ልጅ ያሰርኩት። ባዶ አልነበረም። እትዬ የሺመቤት አልፈዋል፣ ፎቶው ላይ የሉም። ላሞች ነበሩ፣ የሉም። ስለዚህ ሌላ ሰውም አልፎ ሊሆን ይችላል።»

«ማን አለፈ ታዲያ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«እሱን ፎቶው ራሱ ይነግረናል። ይህ ሦስተኛው ፎቶ ነው። ከአቶ ሽባባው በር አጠገብ ምን ይታያችኋል?»

«ችካል ነው።»

«በሁለተኛው አለ?»

ሽማግሌው ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «የለም።»

«በአራተኛውስ?»

«እዚህም የለም።»

«ችካል መጥቶ አይሄድም። እንግዳ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። ይህን ነገር በሩ ላይ ያስደገፈ ሰው ገባ፣ ጥቂት ቆየ፣ ይዞት ወጣ። እሱ ሲሄድ ጠፍቷል፤ ያስቀመጠው ግን ቀርቷል።» ምስሉን በስልኳ አንስታ አጎላችው። «ጫፉ ላይ ያለው ምን ይመስላል?»

«መዶሻ» አለ ናጃህ። ያን ቀን የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

ማንም ጣቱን አልቀሰረም። ሁሉም ግን ወደ ዝግባው ግንድ አየ።

«ምክንያቱስ?» አሉ አቶ ስምዖን። ድምፃቸው ያው የሽማግሌ ድምፅ ነበር። «እኔ ሽባባውን ምን አደረገኝ ብዬ?»

ዘይባ የቃጫውን ገመድ አስዘረጋች። እዚያው ፊታቸው ከአጥር አጥር ልክክ አለ። ከእሳቸው በር ፊት ሲደርስ ተልፈሰፈሰ።

«አቶ ሽባባው በዚህ ገመድ ለክተው የእርስዎ አጥር ወደ ጀፎረው መግባቱን ደርሰውበታል። እዚህ ሸንጎ ላይ ሊናገሩት ነበር። የድሮው አጥር ጉድጓዶች አሁንም ግቢዎ ውስጥ አሉ፤ አይቻቸዋለሁ።»

ቴዲ ከካሜራው ጀርባ ወጣ።

«አባዬ ሲያልፍ አይቻለሁ» አለ፣ ካሜራውን እያየ። «ዣንጥላውንም ፎቶው ላይ ያየሁት ያን ማታ ነው። ኢንስፔክተር ስትጠይቀኝ ግን እንደሚያዩት ነው አልኩ። እንዳልዋሽ ብዬ።»

«እኔም ከደጄ ሆኜ አይቻቸው ነበር» አለች አንዲት ጎረቤት፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ። «ጋሽ ስምዖን ናቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አቶ ስምዖን ዣንጥላቸውን ከግንዱ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ልለምነው ነው የሄድኩት። አጥሩን እመልሳለሁ፣ በሰው ፊት አታዋርደኝ አልኩት። ‹አንተ ለአንድ ክንድ መሬት ስንቱን ሰው ስትቀጣ ኖረሃል› አለኝ። ገፋሁት። ደረጃው ላይ ወደቀ።»

«ወዲያው አልሞቱም» አለች ዘይባ። «አስከሬኑን ያየው ሐኪም፣ ቶሎ ሰው ቢደርስላቸው ይተርፉ ነበር ብሏል።»

«ይተነፍስ ነበር። ኡኡ ብል፣ እዚያ ምን ልትሠራ ሄድክ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ዣንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ።» ዓይናቸውን ወደ ቴዲ መለሱ። «ማታ ልጄ ፎቶውን ሲያሳየኝ እኔ የለሁበትም። በልጄ ፊት ማለፌን አውቃለሁ እኮ። እግዜር ሸፈነኝ ብዬ ጸሎት አደረስኩ።»

ወይዘሮ የሺመቤት በርጩማቸውን ከመሀል መንገድ አንስተው ጀርባቸውን ለሽማግሌው ሰጥተው ተቀመጡ።

ቴዲ ወደ ናጃህ ዞረ። «አባቴ ነው» አለው።

«እኔስ የማን ነኝ?» አለ ናጃህ።

ቴዲ ፊልተሩን ከሌንሱ ፈታና እጁ ውስጥ ጨበጠው።

ፖሊሶቹ አቶ ስምዖንን ደግፈው ወደ መኪናው ሲወስዱ ዘይባ ሃፊዛ ፊት ሄዳ ቆመች። ሰው ሁሉ ይሰማል፤ እንዲሰማም ፈልጋለች።

«ያሰርኩት እኔ ነኝ። ለአገሯ ልጅ አዳላች እንዳልባል ፈርቼ ሳልሰማው አሰርኩት። አጥፍቻለሁ፣ እናቴ። አፉ በሉኝ።»

ሃፊዛ አፉ አላለችም። ዘይባ የዘረጋችላትን እጅ ግን ጨበጠችው።

ከዚያማ መንደርተኛው ተሯሯጠ። አንዱ እቤቴ ግባ ይላል፣ ሌላዋ ምሳ ደርሷል ትላለች። ናጃህ ግን የአቶ ሽባባው ጓዳ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ የናይለን ገመዱንና መዶሻውን ይዞ ወረደ።

«ሳትበላ ልትሄድ ነው ልጄ?» አሉት ወይዘሮ የሺመቤት።

«ጣሪያው ግማሽ ላይ ነው፣ እማማ። ክረምቱ ሳይገባ በሌላ ሰው ያስጨርሱ።»

እናቱ ክንዱን ያዘችና ሚኒባስ ወደሚቆምበት ወደ ጀፎረው ጫፍ መሄድ ጀመሩ። መንገዱ ረጅም ነው። የተከተላቸው የለም፣ ቀና ብሎ ያያቸውም የለም። ሽማግሌዎቹ ከዝግባው ሥር፣ ጎረቤቶቹ በየደጃቸው፣ ዘይባም ከመኪናው አጠገብ አንገታቸውን ደፍተው ባሉበት ቆመዋል። ካሜራው አሁንም ተተክሏል፤ ቴዲ ግን አልነካውም። በዚያች ሰዓት ጥቁሩን ፊልተር ገጥሞ ቢከፍተው ኖሮ፣ እናትና ልጅ ከፎቶው ጠፍተው ይሄዱ ነበር፤ ቆመው የሚቀሩት እነዚያ አንገታቸውን የደፉት ብቻ ነበሩ።