ባራሳ እንዳትሆን

«ይቺ ብቻ ናት፣ የኔ ልጅ» አሉ ወይዘሮ ኤልቪራ፣ በቀይ እስክሪብቶ አንዱን ዓረፍተ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰርዘው። «ሌላውን ግን ቁጭ አድርገሽዋል። ሊቀመንበሩ ራሳቸው አንብበው ተገርመዋል።»

ሮሲዮ ወረቀቱን ተቀበለች። ሦስት ገጽ ናት፤ ለሦስት ገጽ ደግሞ ሁለት ወር ተሠቃይታለች። የዘንድሮው የአገሪቱ ኦፕን፣ የወንዶች ፕሮፌሽናሎች ትልቁ የጎልፍ ውድድር፣ የሚካሄደው እዚሁ በሞንቴ ቴሮ ክለብ ነው። ለእንግዶች በሚታደለው መጽሔት ላይ የውድድሩን ታሪክ አንድ ተማሪ ይጻፈው ተብሎ ትምህርት ቤቶች ሲወዳደሩ እሷ አሸነፈች። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ ነው። ከባቡር ሐዲዱ ጋር የመጡት እንግሊዞች እርስ በርስ ሲጫወቱ፣ ከኋላቸው ዱላ የሚሸከሙት የሰፈር ልጆች እያዩ ሲማሩ፣ ቀስ በቀስም ጌቶቹን እየጣሉ ዋንጫውን ሲወስዱ፣ ሁሉንም ጽፋዋለች።

የተሰረዘው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይል ነበር፦ «ኒካስዮ ባራሳ ካርዱን በእጁ እንደያዘ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር።» ከላዩ በቀይ ተጽፏል፦ «ኒካስዮ ባራሳ ካርዱን መፈረም ረስቶ ወደ ቤቱ ሄደ።»

«ፎቶው አለ እኮ፣ ወይዘሮ ኤልቪራ። ከእናንተው ካርቶን ውስጥ ነው ያገኘሁት። ዋንጫው ሲሰጥ አያቴ ከኋላ፣ በክፍቱ በር በኩል ቆመው ይታያሉ። ሄዱ የሚባለው ውሸት ነው።»

«እሱ ፎቶ ደብዝዟል። ማንም ሊሆን ይችላል።»

«ጆሯቸውን አውቀዋለሁ።»

ወይዘሮ ኤልቪራ ፈገግ አሉ። የክለቡ ጸሐፊ ሆነው ሃያ ዓመት ሲሠሩ ይቺን ፈገግታ በደንብ ተክነውባታል። «እስቲ አያትሽን ጠይቂያቸው። ዕድሜ ልካቸውን ረሳሁ ሲሉ አይደል የኖሩት? አንቺ ከሳቸው በላይ ልታውቂ ነው? በይ፣ አስተካክለሽ ከሥሩ ፈርሚና ነገ አሥር ሰዓት ላይ አምጪልኝ፤ ማተሚያ ቤት ይሄዳል።» ወረቀት መሰብሰብ ጀመሩና ድንገት ትዝ እንዳላቸው ሰው ቀና አሉ። «ደግሞ የብሔራዊ ወጣት ቡድኑ ዝርዝርም በዚሁ ሳምንት ነው የሚላከው። ስድስት ልጅ ብቻ። አሰልጣኙ ስምሽን ሰጥቶኛል። የምልከው እንግዲህ እኔ ነኝ።»

ሮሲዮ ደነዝ አይደለችም፤ የተባለው ገብቷታል።

ታማራ በአጥሩ በኩል ትጠብቃት ነበር። አብረው ይማራሉ፣ አብረው ይለማመዳሉ፣ አንድ ቦርሳ ዱላም ለሁለት ይጠቀማሉ። ከአጥሩ ወዲያ ሣሩ ላይ ቴሮዎቹ ይንጫጫሉ፤ እነዚህ ወፎች ጎጇቸው አጠገብ ሰው ካለፈ አገር ይያዝልን ነው የሚሉት።

«ታዲያ ፈርመሽ አትገላገይም?» አለች ታማራ፣ ሁሉንም ከሰማች በኋላ። «አንድ ዓረፍተ ነገር እኮ ነው። ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?»

«ሰው ሁሉ "ባራሳ እንዳትሆን" ይል የለ እንዴ? ቀድሞውኑም አንብበውታል ማለት ነው።»

እውነት ነዋ። በአገሪቱ ጎልፍ የሚጫወት ሰው ሁሉ ይህችን ንግግር ያውቃታል። በጎልፍ አራት ቀን ሙሉ ተአምር ብትሠራ፣ መጨረሻ ላይ የውጤት ካርድህን ካልፈረምክ ልፋትህ ገደል ነው የሚገባው። ስለዚህ ካርድ ሲረከቡ ይሳሳቁና «ባራሳ እንዳትሆን» ይባባላሉ። ባለፈው እሑድ የቴሌቪዥኑ ጋዜጠኛም ብሏታል። ከሁሉ የከነከናት ግን የሒሳብ መምህሩ ነው፤ አንድ ልጅ ፈተናው ላይ ስሙን ሳይጽፍ ቢሰጠው «አንተ ባራሳ» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። ሮሲዮ ባራሳ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ስሚኝ» አለች ታማራ። «አንቺ ከዝርዝሩ ብትወጪ ሰባተኛዋ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?»

«አንቺ።»

«እኔ። ይኸውልሽ፣ እኔው ራሴ ፈርሚ እያልኩሽ ነው። አቦ፣ እንደኔ ያለ ጓደኛ ከየት ታመጪያለሽ?»

ሮሲዮ ሳቅ አመለጣት፤ ንዴቷ ግን ንቅንቅ አላለም።

አያቷ ጓሮ ተቀምጠው የአንድ አሮጌ ዱላ እጀታ ላይ አዲስ ቆዳ ይጠመጥማሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የክለቡን ሣር አርባ ዓመት አጭደው ጡረታ ወጥተዋል፤ እጃቸው ግን ሥራ መፍታት አያውቅም። ሮሲዮ ማቴውን፣ በመምጠጫ የሚጠጣውን የቅጠል ሻይ፣ በሙቅ ውሃ ሞልታ ሰጠቻቸውና የፎቶውን ቅጂ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠች።

ኒካስዮ መምጠጫውን ከአፋቸው ሳያወጡ ፎቶውን አዩት። ብዙ አዩት።

«ጆሮዬ ያኔም ትልቅ ነበር» አሉ።

«አባባ፣ አልሄዱም ነበር።»

«ረሳሁ እኮ ነው የምልሽ። ተይው።»

«ካርዱ እጅዎ ላይ እያለ ነው የረሱት? ሰው በእጁ የያዘውን ይረሳል?»

ሽማግሌው ዱላውን ወደ ጎን አደረጉት።

«ዝናቡ የጀመረው አሥራ ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ ነው» አሉ በመጨረሻ። «በሁለት ምት እመራ ነበር። ስንጨርስ የፊርማው ጠረጴዛ ከድንኳኑ የለም፤ እንዳይረጥብ ብለው ወደ ትልቁ አዳራሽ አስገብተውታል። እኛ ፕሮፌሽናሎቹ ደግሞ አዳራሽ አንገባም። የእኛ በር የወጥ ቤቱ ነው። ምሳችንንም እዚያው ቆመን ነበር የምንበላው። አብሮኝ የተጫወተው ሰው ግን ፕሮፌሽናል ሳይሆን የክለብ አባል ስለነበር በፊት ለፊቱ ገብቶ ፈረመ። "ካርድህን የሚያስፈርምህ ሰው እልካለሁ፣ እዚህ ጠብቅ" አለኝ። እኔም ጠበቅሁ። ካርዱን እንዳይርስብኝ በመዳፌ ሸፍኜ ያዝኩት። ጭብጨባ ሰማሁ። ከዚያ አንድ አስተናጋጅ በሳህን ኢምፓናዳ ይዞ መጣና "ብላ ወንድሜ፣ አልቋል" አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ? አላስገቡኝም ልበል? ማንም አልያዘኝም እኮ፣ ሮሲዮ። የአዳራሹ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። አሥር እርምጃ ነው። እግሬ ግን እምቢ አለ። ጫማዬ ጭቃ ነው፣ ምንጣፋቸው ይበላሻል ስል ቆምኩ።» ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ ገለበጡት። «ረሳሁ ማለት ይሻላል። የረሳ ሰው ይሳቅበታል እንጂ አይናቅም። ደግሞ በሳምንቱ የሣር ሥራውን ሰጡኝ። አባትሽ ሊወለድ ነበር። ዝም አልኩ።»

ሮሲዮ አለቀሰች፤ ከሐዘን ይልቅ እልህ ነበር ያስለቀሳት። ሃምሳ ሰባት ዓመት! እኚህ ሰው የሌሎችን ሣር እየከረከሙ፣ ከኋላቸው ተጫዋቹ ሁሉ በስማቸው ሲቀልድ እየሰሙ ኖሩ።

«አልፈርምም» አለች።

«ትፈርሚያለሽ። ዝርዝሩ ላይ ስምሽ ይግባ። እኔ አንዴ አልፎብኛል፤ አንቺን እንዲያልፍሽ አልፈልግም።»

«አልፈርምም አልኩ፣ አባባ። ከፈለጉ ይቆጡኝ።»

አልተቆጧትም። ዱላውን አንስተው ቆዳውን መጠምጠም ቀጠሉ፤ ግን ያለ ወትሯቸው ሁለቴ አጣመሙት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሮሲዮ አያቷን ደጅ ላይ አገኘቻቸው። ደህናውን ሸሚዛቸውን ለብሰዋል፣ ቆባቸውን አድርገዋል፣ ጺማቸውንም ተላጭተዋል። የጸደይ ዝናብ ማካፋት ጀምሯል።

«ወዴት ነው?»

«ልሸኝሽ። ሽማግሌ ብቻውን ቤት ምን ይሠራል?» ጥቂት እንደሄዱ ቀጠሉ። «ከጻፍሽ አይቀር ሙሉውን ጻፊ። በሩ ክፍት እንደነበረ ጻፊ። ማንም እንዳልያዘኝም ጻፊ። ግማሽ እውነት አልወድም፤ በግማሽ እውነት ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት።»

ሮሲዮ ቆም ብላ አየቻቸው። ቀልዳቸውን አይደለም። ከአውቶቡስ መጠበቂያው ሥር ገብታ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች። ፊደሉ የመጀመሪያ ክፍል ልጅ የጻፈው ይመስላል።

ክለቡ ሲደርሱ የሽማግሌው እግር ማንንም ሳይጠይቅ በስተግራ፣ ወደ ወጥ ቤቱ በር ታጠፈ። አርባ ዓመት የለመደውን መንገድ ነው የያዘው። «ግቢ፣ እዚህ እጠብቅሻለሁ» አሉና ጣሪያው ሥር ተጠግተው ቆሙ። ፎቶው ላይ የቆሙበት ቦታ ነው።

ሮሲዮ በፊት ለፊቱ በር ገባች።

ወይዘሮ ኤልቪራ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። በቀይ የተጻፈው በሰማያዊ ተሰርዟል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «በሩ ክፍት ነበር። ማንም አልያዘውም። ግን እንደሱ ያለ ሰው በዚያ በር እንደማይገባ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቅ ስለነበር ካርዱን ይዞ ቆመ። የጠራው ሰው አልነበረም።» ከዚያ ፊርማ፦ ሮሲዮ ባራሳ።

«ይሄ ከመጀመሪያውም የባሰ ነው» አሉ ወይዘሮ ኤልቪራ።

«አዎ።»

«እንዲህ ከሆነ አይታተምም።»

«እንዳይታተም ማድረግ ይችላሉ። በኔ ስም ግን ሌላ አይታተምም።»

«ስለ ዝርዝሩ የነገርኩሽን ረሳሽው?»

ሮሲዮ ያን ዝርዝር ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ነው የምትመኘው። «አልረሳሁም» አለች። «እኛ ቤት የሚረሳ ሰው የለም። እኔን ካወጡኝ ታማራ ትገባለች፤ እሷም ጎበዝ ናት። ሰው ከጠየቀኝ ግን ለምን እንደወጣሁ እናገራለሁ። እኔ ዝም አልልም።»

ወይዘሮ ኤልቪራ ያቺን ፈገግታ ፈለጓት፣ አጧት። «ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ማን ነው የነገረሽ?»

«ራሳቸው። ውጪ ናቸው።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ለምደውታል። ልጥራቸው?»

ጸሐፊዋ ወደ መስኮቱ አዩ፣ ከዚያ ወደ ወረቀቱ። አዎ አላሉም፣ አይሆንም አላሉም። ሮሲዮም መልሱን አልጠበቀችም። መጠበቅ ምን እንደሚያመጣ ትናንት ጓሮ ሰምታለች።

አያቷ ቆባቸው ረጥቦ፣ ሁለት እጃቸውን ኪስ ከተው ቆመዋል። «ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም። ይምጡ። በዚያኛው ነው የምንገባው።»

«ጫማዬ ጭቃ ነው፣ ልጄ።»

«አይቼዋለሁ።»

ክንዳቸውን ያዘችና ዞረው ከፊት ለፊቱ በር ደረሱ። ክፍት ነው። አዳራሹ ውስጥ የማሆጋኒ እንጨቱ ወለል ያበራል፤ ግድግዳው ላይ ያሸናፊዎቹ ስም በወርቅ ቀለም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ኒካስዮ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሮሲዮ አልጎተተቻቸውም።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የቀኝ ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ ጠረጉ፤ ደህና አድርገው፣ ከፊትም ከኋላም። ግራውን ለመጥረግ እግራቸውን አነሱ። ስሞቹን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ግራውን ሳይጠርጉት ገቡ።