ውሃ ሳይጠጡ የወፈሩት

ቤተ ሙከራው ውስጥ ሁለቱን ረዳቶች በስማቸው የሚጠራቸው የለም። እሱ «ባለወፉ»፣ እሷ «ባለአይጧ» ናቸው።

የእሱ ወፍ ጎህ ሲቀድ ዜማውን ያንቆረቁራል። የእሷ የበረሃ አይጥ ያን ጊዜ አሸዋዋ ውስጥ ተቀብራ እንቅልፏን ትለጥጣለች። የሚያመሳስላቸው ደረቅ ፍሬ ብቻ እየበሉ ያለ ውሃ መሰንበታቸው ነው።

«ያለ ውሃ ክብደቱ ብዙ ያልቀነሰው እንስሳ ባለቤት እዚህ ይቀጥላል» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ሌላው ሥራ ይፈልግ። ለሁለት ሰው ቦታ የለኝም።»

«አይጤ ወፍህን ታስከነዳዋለች» አለችው ባለአይጧ።

«መጀመሪያ ከእንቅልፏ ትንቃ!»

ሳቀች። ስትስቅ አፏን በክንዷ ትሸፍናለች። እሱም ያን ሳቅ ሲጠብቅ ፍሬውን ከወፉ ጎድጓዳ ሳህን ውጭ ይደፋዋል። ወዷታል፤ ነገሩ ይኸው ነው። እሷም ወዳዋለች። ግን ማን ይተንፍስ?

የሚዛኑ ቀን ደረሰ። ወፉ ወፍሯል። አይጧማ ብሶባታል።

«ጉድ ነው! ውሃ ሳይጠጡ በምን ወፈሩ?» ብለው ፕሮፌሰሯ አሸዋውን ጫር ጫር ሲያደርጉ የኪያር ልጣጭ ወጣ። ከወፉ ጎጆ ጀርባም የፖም ቁራጭ ተገኘ።

«ኪያሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለ ባለወፉ አንገቱን ደፍቶ።

«አንተ? ለእኔ አይጥ?» አለች ባለአይጧ።

«አንቺ እንድትቀሪ ብዬ ነው።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ፖሙን ደግሞ እኔ ነኝ» አለች።

«ለወፌ አዝነሽ?»

«ለወፉማ ምን ተዳዬ! ለአንተ ነው እንጂ።»

ፕሮፌሰሯ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቅ ቀደማቸው።

«ልፋቴን ገደል ከተታችሁት! እንደገና ከሀ ይጀመራል። አሁን ግን አንቺ ወፉን ያዢ፣ አንተ አይጧን። እርስ በርሳችሁም ተጠባበቁ፤ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ!»

«እሺ» አሉ ሁለቱም፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ በደስታ ታዘው አያውቁም።

በሁለተኛው ዙር አይጧ አሸነፈች። በዚያ ዙር የያዛት እሱ ቢሆንም ቦታው ለባለአይጧ ጸና፤ ባለወፉም ወፉን ይዞ ሌላ ሥራ ገባ። መጠባበቁን ግን የሚያስቆማቸው አልተገኘም።

ዛሬ በአንድ ቤት ይኖራሉ። ሲነጋ እሱ ከወፉ ጋር እየተቀባበለ ያፏጫል፤ እሷ ብርድ ልብሱ ውስጥ ትቀበራለች።

«አይጢት፣ ነግቷል!»

«አንተ ወፍ፣ ተወኝ!»

እሱም ኪያር ቆርጦ ትራሷ አጠገብ ያስቀምጥላታል።