በባዩዳ የቆመችው መኪና

ባቢክር የተገኘው በባዩዳ በረሃ መካከል፣ በገዛ መኪናው ጥላ ሥር ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ጣቶቹ አሸዋው ውስጥ ተቀብረው ነበር። ወንድሙ ለእርዳታ የጠራቸው የወርቅ ቆፋሪዎች ሬሳውን ጭነው አትባራ ከተማ አደረሱ፤ መኪናይቱን ግን እዚያው ትተዋት መጡ። ናፍጣ የጨረሰች መኪና ማን ይጎትታል?

«ውሃ ጥም ነው የገደለው፤ ከዚህ ሌላ ምን ይመረመራል?» ተባለ። የፖሊስ መርማሪዋ ሻምበል ኢጅላል ግን አልተዋጠላትም። ባቢክር ወደ አትባራ ይጓዝ የነበረው ዳኛ ፊት ሊቆም ነው። ሁለት ወጣቶች በተደረመሰ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብረው ቀርተዋል። ጉድጓዱ መሰንጠቁን እያወቀ ያወረዳቸው ማን እንደሆነ ሊመሰክር ነበር።

ስለዚህ ሦስት ሰዎች ይዛ ወደ በረሃው ወረደች። የቁፋሮው ባለቤት ሐጅ ጣይፉር፣ ናፍጣውን የሞላው የመጋዘን ጠባቂ ሲር-ኸትም፣ መኪናዋን ሲነዳ የነበረው የሟቹ ታናሽ ወንድም ሙዳሲር።

ነፋሱ አሸዋውን እያንኮሻኮሸ በጎማዎቹ ሥር ያልፋል።

«እስከ አፏ ነው የሞላኋት» አለ ሲር-ኸትም ሳይጠየቅ። «ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል።»

«እስከ አፏ ሞልተህ ቢሆን ወንድሜ ዛሬ ይበላ ይጠጣ ነበር» አለ ሙዳሲር።

«እናንተ ልጆች፣ የመቃብሩ አፈር ገና አልደረቀም» አሉ ሐጅ ጣይፉር።

ኢጅላል ወደ ሙዳሲር ዞረች። «እንዴት እንደቆመች ንገረኝ።»

«መንተባተብ ጀመረች። ሳለች፣ ሳለችና ቀጥ አለች። ማስነሻው ሞተሪኖ እስኪደክም ሞከርኩ፣ እምቢ አለች። ባቢክር ጉልበቱን ያመዋል፣ መራመድ አይችልም። ‹ሂድ፣ ሰው አምጣልኝ› አለኝ። ስመለስ...»

«ውሃውስ?»

«ግማሹን ተውኩለት።»

«ቁልፏስ?»

ሙዳሲር ከጀለቢያው ኪስ አውጥቶ ሰጣት። ኢጅላል ቁልፏን መዳፏ ላይ አገላብጣ አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ መኪናዋ ሥር ገባች። የነዳጅ ታንኩን በጣቷ ስትመታው ባዶ ድምፅ ሰጠ። የማፍሰሻው ብሎን ላይ አዲስ ጭረት ያብለጨልጫል። ከሥሩ አሸዋውን በእጇ ጫረች፣ አንድ እፍኝ አንስታ አሸተተች፣ መልሳም ደፋችው። ስትወጣ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«ሐጅ፣ እርስዎ ብዙ መኪና ነድተዋል። ናፍጣዋን ጨርሳ እስክትቆም የተነዳች መኪና ትጎዳለች?»

«እንዴት አትጎዳ! ታንኩ ሥር የዘቀጠውን ቆሻሻ ትምጋለች፣ ናፍጣ ማጣሪያው ፊልትሮ ይደፈናል። ፓምፑን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ነው፤ በደረቁ ከሠራ ይበላል። ደግሞ መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል። አየሩ እስኪወጣ ብትሞያትም አትነሳም።»

«አንተስ ትስማማለህ?» አለችው ሙዳሲርን።

«ይህን የማያውቅ አለ? ይቺ መኪና ከእንግዲህ አልቆላታል።»

ኢጅላል ኮፈኑን ከፍታ ፊልትሮውን ፈታች። ለአሥር ዓመት የመንገድ አደጋ ስትመረምር እጇ ብሎን ለምዷል። ሦስቱም ቀረብ ብለው አዩ። ፊልትሮው ንጹሕ ነው፣ በጠራ ናፍጣ እስከ ጠርዙ ተሞልቷል። እንዳይፈስ ተጠንቅቃ መለሰችው። ከፖሊስ መኪናው የናፍጣ ጀሪካን አስመጥታ ታንኩ ውስጥ አስገለበጠችና ቁልፏን አዞረች።

መኪናዋ ወዲያው ተነሳች። አልተንተባተበችም፣ አልሳለችም።

ሙዳሲር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ይቺ መኪና ናፍጣ ጨርሳ አታውቅም» አለች ኢጅላል ከመኪናዋ ወርዳ። «ጨርሳ ቢሆን ፊልትሮዋ አየርና ቆሻሻ ይሞላው ነበር። ‹ሞተሪኖው እስኪደክም ሞከርኩ› ያለው ሰው በእርግጥ ሞክሮ ቢሆን መስመሩን ባዶ ያደርገው ነበር። ስለዚህ በሰላም ነው የቆመችው፤ ለዕረፍት። ሲር-ኸትምም አልዋሸም፤ የሞላው ናፍጣ እዚህ አሸዋው ውስጥ ነው። ብሎኑ ተፈትቶ የታሰረው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። ቁልፉ ደግሞ ከሄደው ሰው ጋር ሄዷል። ታማሚ ወንድሙን በሞተች መኪና ውስጥ ትቶ እርዳታ ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ቁልፍ ምን ያደርግለታል? መስመሩ ውስጥ በቀረው ናፍጣ ትነሳለች ብሎ የሚፈራት መኪና ካልሆነች በቀር።»

«ግን ምስክርነቱ በእኔ ላይ ነው ሲባል ነበር» አሉ ሐጅ ጣይፉር በቀስታ።

«ሰው እንዲያ አለ። ጉድጓዱ የተደረመሰ ቀን እርስዎ ቁፋሮው ቦታ አልነበሩም። የጉድጓዱ አለቃ ማን ነበር?»

ሲር-ኸትም መልሱን በዓይኑ ሰጠ። ሐጅ ጣይፉርም ቀስ ብለው ወደ ሙዳሲር ዞሩ።

ሙዳሲር አሸዋው ላይ ተቀመጠ። «መንገዱን ሙሉ ለመንኩት» አለ። «‹ዝም በል፣ ወንድምህ ነኝ› አልኩት። ‹የሞቱትም ወንድም አላቸው› አለኝ። ጥላው ሥር ሲተኛ ነው ብሎኑን የፈታሁት። ውሃውን ሁሉ ሳነሳ ነቃ፤ ‹ናፍጣ አልቋል፣ ሰው ላምጣ› አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«አትዘግይ አለኝ።»

ሐጅ ጣይፉር ፊታቸውን አዞሩ። ሞተሩ ጎርነን ባለ ድምፁ ይሠራል። ሙዳሲር ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አጥፉልኝ» አለ። «እባካችሁ፣ አጥፉልኝ።»

ኢጅላል ካቴናውን አውጥታ አጠገቡ ተንበረከከች። ሞተሩን ለማጥፋት የተነሳ ማንም አልነበረም።