ከጆሃንስበርግ የመጣው ልቅሶ

አቶ ይሄነው ማልደው ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደወጡ፣ ከደጃቸው ሳይርቁ በድንጋይ ተፈንክተው ሞተው ተገኙ። የመካነ ሰላም ከተማ ለመፍረድ ፀሐይ እስክትሞቅ እንኳ አልጠበቀችም፤ በወሰን የሚጣላቸው ጎረቤታቸው ፈንታሁን ነው ተባለ። የሟች ወንድም ጋሽ ቢያድግልኝ ጠመንጃቸውን አንግበው «ሳይመሽ ደሙን እመልሳለሁ» ሲሉ ማሉ።

ኢንስፔክተር ሐረግ ፈንታሁንን አስራ ከሞት ብታተርፈውም፣ ጠመንጃ የያዙ ዘመዶች ልጆቹ ያሉበትን ቤት ከበዋል። ጊዜ ሳታጠፋ የሟችን ሁለተኛ ሚስት የሻለምን ጠየቀቻት።

«ፈንታሁን ይሰድባቸዋል እንጂ እጁን አያነሳም። የምፈራው የእንጀራ ልጄን ምናለን ነው። ቤቱን ለእኔ ሊያወርሱ እንደሆነ ሰምቶ በስልክ ሲዝትባቸው ነበር። ግን እሱ ጆሃንስበርግ ነው፤ ያረቢ፣ ማንን ልጠርጥር?»

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያው ምናለ ከመኪና ወረደ። ነጠላውን ለሐዘን፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ለብሷል፤ «አባቴን!» እያለ ደረቱን ይደቃል። ማንንም አልገረመውም፤ አውሮፕላን ምን ይሳነዋል!

«መርዶውን ማን ነገረህ?» አለችው ሐረግ።

«ጆሃንስበርግ ሳለሁ ከዘመድ አንዱ ደወለልኝ። ወዲያው ተሳፈርኩ። ቦሌ ከወረድኩ ወዲህ ስልኬ አይሠራም። ይልቅ አንቺ፣ ገዳዩን አምጪልን!»

ሐረግ ፈንታሁንን በካቴና አስመጥታ ሁሉንም የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበች። ፈንታሁን ሲገባ ተተፋበት።

«ሟች የሞቱት ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው» አለች። «ከጆሃንስበርግ አዲስ አበባ አውሮፕላኑ ከአምስት ሰዓት በላይ ይበራል። ከዚያ እዚህ ድረስ መኪናው ቀኑን ይፈጃል። የዛሬን መርዶ እዚያ ሰምቶ ዛሬውኑ በዘጠኝ ሰዓት እዚህ የሚደርስ መልአክ ብቻ ነው።»

ምናለ ላቡን ጠረገ። «እሺ፣ ቀድሜ ነው የመጣሁት። ጠዋት አዲስ አበባ ነበርኩ። ድንገት ደርሼ ላስደስተው ብዬ...»

«ስልክህ ካልሠራ ታዲያ ማን አረዳህ?»

«አጎቴ፣ ከመኪና ስወርድ።»

«እኔ?» ጋሽ ቢያድግልኝ ተነሡ። «መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ ሁሉንም ከልክዬ፣ ራሴ ላረዳህ መንገድ ላይ ቆሜ ነበር። አፌን ሳልከፍት ነው እዬዬ እያልክ የወረድከው! ሌላ ሰው የነገረህ መስሎኝ!»

«እዚህ ውስጥ ለምናለ መርዶ የነገረ አለ?» አለች ሐረግ። ዘመድ ሁሉ ይተያይ ጀመር፤ እያንዳንዱ ሌላው የነገረው መስሎት ነበር። «የለም። ማንም ሳይነግርህ ያወቅከው አንተው ስለገደልካቸው ነው።»

«በሰው አገር ለፍቼ የሠራሁትን ቤት ለዚች ሊሰጥ!» ሲል ምናለ ወደ የሻለም ተወረወረ። ፖሊሶቹ ያዙት።

ሐረግ የፈንታሁንን ካቴና ፈታች። ይቅርታ ያለው አልነበረም። ጋሽ ቢያድግልኝ ጠመንጃቸውን እንዳነገቡ መሬት መሬት ያያሉ።

«ከልጆቼ ደጅ ሰዎችህን አንሣ» አላቸው ፈንታሁን። ከዚያም መሀል ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ ነጠላውን ገለበጠ።

«ምን ልትሆን ነው?» አሉት ጋሽ ቢያድግልኝ።

«ላለቅስ ነዋ! ልጁ ገደለው፤ ወንድሙ ጠመንጃ ይዞ ዋለ። እንግዲህ ጠላቱ ካላለቀሰለት ማን ያልቅስለት?»